ሽኮኮ የዋጠው ስንኝ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ትልልቆቹም ብትሰሙ አይከፋኝም፤ እንዲያውም ነገሩ ለእናንተ ሳይብስ አይቀርም። ተረት ይዣለሁ፤ «እሺ፣ አምጣው» በሉኝ። አላችሁ? መልካም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ትልቅ ገደል ነበረ። በገደሉ ላይ ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ሽኮኮን ታውቁታላችሁ። ጥንቸል የሚያህል፣ ጭራ የሌለው፣ ድብልብል ያለ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ረስቶ የወጣ የሚመስል ፊት ያለው እንስሳ ነው። ሽኮኮ ብርድ አይችልም። ጠዋት ከነቤተሰቡ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሰፊው ዓለት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ካልሞቀ በቀር ቀኑን ሙሉ እግሩ አይፍታታለትም።

መሞቁ ደስ ይላል፤ ግን አደጋ አለው። ከገደሉ ማዶ በደረቀ ዛፍ ላይ እመት ንስር ትኖር ነበር። የእመት ንስር ቁርስ ሽኮኮ ነው፣ ምሳዋም ሽኮኮ ነው፣ እራትም ካማራት ያው ሽኮኮ ነው። ስለዚህ ሽኮኮዎቹ ከቅድመ አያት የመጣ አንድ ወግ ነበራቸው። ሌላው ሲሞቅና ሲግጥ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ዘብ ይሉታል። ዘብ አይግጥም። ሌሎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ለምለሙን ቅጠል በአፋቸው ይዘው መጥተው ያጎርሱታል። ይህንንም የዘብ ጉርሻ ይሉታል። ዘቡ የንስርን ጥላ ያየ እንደሆነ ታዲያ አንድ ጩኸት ይጮኻል፦

«ጪር!»

ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ያረረ ድስት በድንጋይ ሲፋቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ጆሮ ያሳክካል። ግን እሱ ከተሰማ አፉን የሞላውም፣ እንቅልፍ የወሰደውም፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጨቃጨቀውም ነገሩን ጥሎ ጉድጓዱ ይገባል። «ጪር ከተባለ አይጠየቅም» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። እንዲህ እያሉ ብዙ ዘመን ኖሩ።

ታዲያ በዚያ ገደል ማንያህል የሚባል ዘብ ነበረ። ዓይኑ ለጉድ ነው። እመት ንስር ገና በሰማይ ጥግ የትንኝ ያህል ሳለች ለይቶ ያውቃታል። ሚስቱ ይታክቱ ትባላለች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ምላሷ ግን ስል ነው።

አንድ ቀን ማንያህል የንስርን ጥላ አየና «ጪር!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ገቡ። እሱም ከድንጋዩ ሥር ካለችው ስንጥቅ ተወሸቀ። ያን ጊዜ የገደል ማሚቶው ጩኸቱን ከማዶ ተቀብሎ መለሰለት፦ «ጪር... ሪር... ሪሪር...»

ማንያህል ጆሮውን አቆመ። «እንዴ! ይቺ የኔ ድምፅ ናት? እንዲህ ታምራለች?» አለ።

በማግሥቱ እመት ንስር ስትመጣ «ጪር፣ ሪሪር!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ገቡ። ማንም አልተጎዳም። ንስር ከሄደች በኋላ አባ ጎንጤ የሚባሉት ሽማግሌ ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው፣ «ማንያህል፣ የዛሬዋ ጪር ደግሞ ለየት አለች። ጣት ታስቆረጥማለች!» አሉት።

የማንያህል ልብ ቅቤ ጠጣች። ማታ ለሚስቱ፣ «ዛሬ ብቻ ነው ያሳመርኳት። ነገ እንደ አባቶቼ እጮኻለሁ» አላት።

«ማን ጠየቀህ?» አለች ይታክቱ።

እውነቷን ነው፤ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ነገ መጣ። ማንያህል ጪሯን ከፊት አስረዘማት። ከነገ ወዲያ መጣ፤ ከኋላ አስረዘማት። ከዚያ በኋላማ ቃል ጨመረባት፣ ከዚያም ቤት እየመታ ይገጥምላት ጀመር። የንስር ጥላ ሲታይ እንዲህ እያለ ያዜማል፦

ጪር ጪር ጪሪሪር
ጥላ መጣ ከዳገት ሥር።
ከላይ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ፣
እናቱን የሚወድ ከደጅ አልቆየ።
ፀሐይዋ በዓለቱ እንደ ማር ፈሰሰች፣
ግቡ በሉ ልጆች፣ ንስሯ ደረሰች!

መጨረሻ ላይ «ግቡ በሉ ልጆች» ሲል ሁሉም እያጨበጨቡ ይገባሉ። ከዚያ በፊት የሚገባ የለም። ዘፈን ሳያልቅ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነዋ! ጨዋ ሰው ዘፋኝ አፉን ሳይዘጋ ጀርባውን አይሰጥም፤ ሽኮኮም ጨዋ ነው።

«ዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ እንደ አባቶቼ እጮኻለሁ» ይላል ማንያህል በየማታው።

«ያቺ ነገህ በየት በኩል ነው የምትመጣው?» ትለዋለች ይታክቱ።

ይኸ ሁሉ ሲሆን ማንያህል እየመነመነ ሄደ። ጉርሻ ያመጡለታል፤ አፍ ከሞላ ዜማ አይወጣምና ቅጠሉን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ቅጠሉ ከድንጋዩ ሥር ተከምሮ ይደርቃል። ሌሊት ተኝቶ በሚስቱ ጀርባ ላይ ምት ይመታል። «የጉድጓዱ አፍ ተንዷል፣ እባክህ አፈሩን ጥረግልን» ስትለው፣ «ቆይ፣ አንዲት ስንኝ ቀርታኛለች» ይላል። አፈሩን እሷ ጠርጋ ስትጨርስም ያቺ ስንኝ እንደ ቀረችው ናት።

በክረምቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ትብለጥ አሏት። በዚያው ሰሞን በገደሉ ብዙ ልጆች ተወልደው ነበርና ሴቶቹ ከቤት ቤት እየዞሩ እልል ይሉ ነበር። ለትብለጥም መጥተው እልል ሲሉ ማንያህል ከውጭ እየሮጠ ገባ።

«እስቲ ድገሙት! ድገሙት!» አላቸው።

ሴቶቹ አባት ተደሰተ ብለው ደገሙት።

«አዎ! ያቺ ሁለተኛዋ እልልታ ለመግቢያ ትሆነኛለች» አለና እያንጎራጎረ ወጣ። ልጁን ገና አላያትም ነበር።

ይታክቱ በተኛችበት ሆና፣ «አያችሁልኝ? ይኸ ሰውዬ ወልዷል፤ ግን እኔ ከወለድኳት ጋር አልተዋወቀም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ብዙ አልሳቀችም።

አንድ ጠዋት እመት ንስር ከወትሮው ፈጥና መጣች። ማንያህል ጀመረ። ጪር ጪር አለ፣ ጥላ መጣ አለ፣ ጥቁር ነጥብ ታየ አለ። ሽኮኮዎቹ ቆመው ያጨበጭባሉ። አባ ጎንጤ ከጉድጓዳቸው አፍ ደርሰው ነበር፤ ግን የማሯን ስንኝ ይወዷታልና እሷን ሳይሰሙ መግባት አላስቻላቸውም። «ፀሐይዋ በዓለቱ...» ሲል እመት ንስር ከላይ ወረደችባቸው። እንደ ዕድል ሆኖ ጥፍሯ ሥጋ አልነካም። ከጀርባቸው ላይ እፍኝ ፀጉር ነጭታ ሄደች።

ይታክቱ ይኸን ስታይ ትብለጥን አቅፋ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች። ማንያህልንም ጠርተው ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ባሌ ታሟል። ሱስ ይዞታል። ገላግሉኝ» አለች።

ከመካከላቸው ወፈር ያለው ሳቀና፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ሱስ ነው የምታወሪው? ጫት አይቅም፣ ጠጅ አይጠጣ! ዘፈን እኮ ነው!» አላት።

«ጠጅ የጠጣማ ይተኛል። ይኸ መች ተኛ?»

«ከመስረቅ ይሻላል። ከመማታት ይሻላል።»

«ከመስማትስ? ከመብላትስ? ልጅ ከማቀፍስ? ከነዚያስ ይሻላል?» አለች ይታክቱ።

አባ ጎንጤ መላጣ ጀርባቸውን እያሻሹ፣ «እኔ በበኩሌ ቅር አላለኝም። ፀጉር ይበቅላል። ያቺን የማር ስንኝ ግን...» አሉና ዓይናቸውን ከደን አደረጉ።

«አባ ጎንጤ፣ ጥፍሯ ትንሽ ቢጠልቅ ኖሮ እኮ የሚበቅልበት ጀርባም አይኖርዎትም ነበር!»

ማንያህል ተነሥቶ ቆመ። ቅር ብሎታል። «ምን አጠፋሁ? ጪር ሲሏት ጆሮ የምታሳክከውን ጪር፣ ሰው የሚያጨበጭብላት አደረግኳት። አላመረችም?» አለ።

«አምራለች» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

«አምራለች» አለች ይታክቱም። «እኔስ መቼ አስጠላች አልኩ? ደግሞ እኔም ውኃ ስቀዳ ሳላውቀው አንጎራጉራታለሁ። ክፋቷ ማማሯ ነው።»

«እንግዲያው ከፈለግኩ የምተወው ነገር ነው» አለ ማንያህል።

«መቼ ነው የምትፈልገው?»

«ነገ።»

የወይራው ሥር በሳቅ ተሞላ። ይታክቱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ «የያዝከውን ነገር ልቀቀኝ ብለኸው ካለቀቀህ፣ ያዡ አንተ አይደለህም፤ እሱ ነው» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። «ሌላ ዘብ እንሹም» አለ አንዱ። ያን ጊዜ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው የገዛ እግራቸውን ያዩ ጀመር። በብርዱ ቆሞ፣ ሌላው ሲግጥ እያየ መራብን ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ማንያህል ዘብነቱ ይቆይለት፣ ግን ነገ ጠዋት ንጹሕ «ጪር» ብሎ ብቻ ዝም ይበል። እሱንም በአባቱ አጥንት አስማሉት።

ጠዋት ሆነ። ሽኮኮዎቹ ወጡ፤ ልጆቹን ግን ብርዱ ጠንከር ስላለ እናቶቻቸው ከጉድጓዱ ጥልቅ እንደ ተኙ ተዉአቸው። ማንያህል ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ሰማዩ ላይ አንድ ቁራ አለፈ። ማንያህል ጥላ አየ፤ ንስር ትሁን ቁራ አላጣራም። «ጪር!» አለ። እንደ አባቶቹ፣ ደረቅ ያለች፣ ጆሮ የምታሳክክ ጪር። ሁሉም ዘለው ገቡ። ገደሉ ጭጭ አለ።

ሽማግሌዎቹ በየጉድጓዳቸው ሆነው፣ «ቻለ! ጎሽ! ቻለ!» ተባባሉ።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ሊያስነጥስ እንደ ታፈነ ሰው ሆኖ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦

«...ሪሪር።»

ገደሉ ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አባ ጎንጤ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። «አመለጠችኝ!» አለ ማንያህል፤ «እኔ አላወጣኋትም፣ እሷ ናት የወጣችው!» ይኸን ሲሰሙማ ይብሱን ሳቁ። በዚያ ሳቅ ፍርዱ ፈረሰ። ከቀትር በኋላ ራሳቸው ሽማግሌዎቹ፣ «እስቲ ያቺን የማሯን ድገማት» ብለው አዘፈኑት።

«የሚዘፍነው አንዱ ነው፤ የሰከረው ግን ገደሉ ሁሉ ነው» አለች ይታክቱ። ግን ማን ይሰማታል፤ እያጨበጨቡ ነው።

ይኸን ሁሉ እመት ንስር ከደረቀው ዛፏ ላይ ሆና ታያለች። ሞኝ አይደለችም። «ሽኮኮ የሚገባው እኔን ሲያይ አይደለም፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው» አለች በሆዷ። «እንግዲያው ዘፈኑ ባያልቅስ?»

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ደመቅ ብላ፣ ትብለጥና ጓደኞቿ በዓለቱ መካከል ሲንከባለሉ፣ እመት ንስር ከሰማይ አልመጣችም። በእግሯ መጣች። ከዓለቱ ጫፍ፣ ራቅ ብላ፣ ክንፏን ሰብስባ እንደ ባልቴት ተቀመጠች።

ማንያህል አያትና ጀመረ። «ጪር ጪር ጪሪሪር...»

«ቆይ፣ ቆይ ማንያህል!» አለች እመት ንስር። «ላስቸግር አልመጣሁም። ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ።»

«እመት ንስር፣ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጾሙት?»

«ከዛሬ ጀምሮ። ዜማህ ንስሐ አስገባኝ።»

ማንያህል አፉ ላይ የነበረው ቃል ቀረ። እስከዚያች ቀን ሽኮኮዎች አድንቀውታል፤ ያልተደነቀው በጠላት ብቻ ነበር። ልቡ ግራ ቀኝ አለች። «ጪር በል» አለችው አንዷ ሐሳብ። «ዛሬ ብቻ ስማት፤ ነገ እንደ አባቶችህ ትጮኻለህ» አለችው ሌላዋ። እናንተም የትኛዋን እንደ ሰማ ታውቃላችሁ።

«ተቀበል!» አለች እመት ንስር።

ልጆች፣ ይኸ ቃል እንዴት ያለ ቃል እንደ ሆነ ላስረዳችሁ። አድማጭ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ ዘፋኝ የራሱን አቁሞ የተሰጠውን ተቀብሎ ማዜም አለበት። እንቢ ካለ ውርደት ነው። እንዲህ ስትል ሰጠችው፦

ከገደሉ አፋፍ የቆመው ሽኮኮ፣
እኔስ አስረሳኝ ረሃቤን እኮ።

ማንያህል ተቀበለና አዜመው፤ የገዛ ውዳሴውን በገዛ ድምፁ። ሽኮኮዎቹ አጨበጨቡ። «ንስር እንኳ ዘፈን ወደደች!» ይባባላሉ። ትልልቆቹ ወደ ጉድጓዳቸው ጠጋ ብለው ነበር፤ ግን አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። ልጆቹ በዓለቱ መካከል ናቸው።

«ተቀበል!» አለች እመት ንስር፣ ጥቂት ፈቀቅ ብላ፦

ዘብ ሁሉ ይጮኻል፣ አንዱ ግን ያዜማል፣
ቀረብ ብዬ ልስማው፣ ከሩቅ ማን ይጠግባል?

ይኸንንም ተቀበለ። አባ ጎንጤ፣ «ይበል!» አሉ። እመት ንስር እንዳለችው ቀረብ አለች። አሁን ከልጆቹ ብዙ አትርቅም።

«አሁን ደግሞ» አለች ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አንዷን ስንኝ እኔ፣ ሁለተኛዋን አንተ። ቤት አስመታልኝ። የእውነት ዘፋኝ መሆንህን በዚች አያለሁ። ተቀበል!»

ዓይኑን ይጨፍናል ዜማ የገባው ሰው...

ማንያህል ዓይኑን ጨፈነ። ያ የትንኝ ያህል የሚለይ ዓይን፣ የገደሉ ሁሉ ነፍስ አደራ የሆነው ዓይን ተጨፈነ። ስንኟን መፈለግ ጀመረ። ይቺን ቢያነሣት አትገጥምም፣ ያቺን ቢያነሣት ታንሳለች። ሽኮኮዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እመት ንስር አንድ እግሯን አነሣች፤ ሌላውን አስከተለች።

በዚህ ጊዜ ይታክቱ ከቁጥቋጦው ማዶ ግጣ፣ የባሏን ጉርሻ በአፏ ይዛ ብቅ አለች። ንስሯን አየች። ልጇን አየች። ባሏን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚጸልይ ሰው ተመስጦ አየችው። ቅጠሉን ተፋችና በጎርናና ድምፅዋ ጮኸች፦

«ጪር!»

ያረረ ድስት በድንጋይ ተፋቀ። የትልልቆቹ እግር ገና ጆሮአቸው ሳይሰማ ሰማ። አባ ጎንጤ በጭንቅላታቸው ተተክለው ገቡ። በዓይን ጥቅሻ አንድ ትልቅ ሽኮኮ በዓለቱ ላይ አልቀረም።

ልጆቹ ግን አልተነሡም።

ከየት ያውቁታል? እነሱ የተወለዱት በዘፈኑ ዘመን ነው። ንጹሕ ጪር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ለነሱ ጪር ማለት የዘፈን መጀመሪያ ነው፤ ቀጥሎ ጪሪሪር አለ፣ ቀጥሎ ጥላው አለ፣ ነጥቡ አለ፣ ማሩ አለ። ስለዚህ ቁጭ አሉና ለጭብጨባ እጃቸውን አነሡ። ትብለጥ እየፈነደቀች፣ «እማዬ ጀመረች! እማዬም ልትዘፍን ነው!» አለች።

እመት ንስር ክንፏን ዘረጋች።

ማንያህል ዓይኑን ገለጠ። ልብ በሉ፤ በዚያችው ቅጽበት ስንኟ መጥታለት ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቃት የኖራት ስንኝ። ቤት የምትመታ፣ ከማሯም የምትጣፍጥ፣ ለንስር ብቻ ሳይሆን ለሰማይም የምትበቃ። ምላሱ ጫፍ ላይ ሞቃ ተቀምጣለች። አፉን ቢከፍት ትወጣለች። ከሷ ፊት ሌላ ቃል ሊያወጣ አይችልም፤ መንገዱን ዘግታዋለች።

ልጁን አያት። እጇን አንሥታ ትጠብቀዋለች።

ማንያህል ስንኟን ዋጣት። እንደ ጠጠር እየቧጠጠችው ወረደች። ከዚያም ያለ መነሻ፣ ያለ ዜማ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ጮኸ፦

«ግቡ በሉ ልጆች!»

የልጆቹ እግር ይቺን ቃል ያውቃታል። «ውይ፣ አባዬ አበላሸው! ከመካከሉ ዘለለ!» አለች ትብለጥ፤ እያለችም ሮጠች። ሁሉም ሮጡ። የመጨረሻው ልጅ ጀርባ ወደ ጉድጓዱ ሲሰወር የእመት ንስር ጥፍር ዓለቱን ፋቀ። እፍኟን ብታይ አሸዋ ነው።

ማንያህል ከድንጋዩ ሥር ስንጥቁ ውስጥ ተወሸቀ። እመት ንስር ከላዩ ቆማ ተቆጣች።

«ምን ዓይነት ዘፋኝ ነህ? ስንኟን ሳትጨርሳት? ቤት ሳትመታ?»

«ጾምዎን አስፈታሁብዎት እንዴ፣ እመት ንስር?» አለ ማንያህል ከውስጥ።

«ጨርሳት እንጂ! ምን ልትል ነበር?»

ይኸን ስትለው፣ ልጆች፣ ስንኟ እንደገና ጉሮሮው ድረስ ወጥታ ነበር ይባላል። ማንያህል በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ቆየ። ቆየና፣ «ጪር!» አላት።

እመት ንስር ተሳድባ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ይታክቱ ልጆቹን ሁሉ በጉድጓዱ አፍ ሰብስባ ጪርን አስተማረቻቸው። «ጪር!» ትላለች፤ ይገባሉ። ይወጣሉ፤ «ጪር!» ትላለች፤ ይገባሉ። «ቀጥሎስ?» ይላሉ ልጆቹ። «ቀጥሎ የለም፤ ያለው መግባት ነው» ትላቸዋለች። ትብለጥ፣ «አታምርም» አለች። «አዎ፣ አታምርም። ለማማር አልተፈጠረችም» አለቻት እናቷ።

ማንያህል ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ስንኟን ይፈልጋል። ከላይ ይጀምራል፣ «ዓይኑን ይጨፍናል ዜማ የገባው ሰው» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ይታክቱ አጠገቡ ተቀመጠችና ከዚያ ከደረቀው ክምር ሳይሆን ከእርጥቡ ቅጠል አጎረሰችው። ጎረሰ።

«ታምር ነበር?» አለችው።

«በጣም።»

«ጠፋች?»

«ጠፋች።»

ይታክቱ ትብለጥን አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ማንያህል ልጁን ትኩር ብሎ አያት። «ጆሮዋ የኔን ይመስላል እንዴ?» አለ። «ዛሬ ገና ነው ያየኸው?» አለችው። እንግዲህ ይኸን ያህል ነው።

ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡና፣ በዚህ ጊዜ ሳይስቁ፣ አንድ ሥርዓት አወጡ። ዘብ በድንጋዩ ላይ ሳለ ጪር ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። መዝፈን ያማረው ደግሞ ዘብነቱን ለሌላ አስረክቦ፣ ጉርሻውን በልቶ፣ ልጁን አቅፎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በጉድጓዱ አፍ ይዝፈን። ዘብነቱንም ሁሉም በየተራ ሊቆሙ ተስማሙ። አባ ጎንጤ ሳይቀሩ ብርዱን እየረገሙ ቆሙ። ማንያህል በማታ ይዘፍናል፤ ሲዘፍንም ከቀድሞው ይልቅ ያምር ነበር ይላሉ፤ በጆሮዬ ስላልሰማሁት አልምልም።

«ታዲያ ዳነ ወይ?» ብትሉኝ እንጃ። እናንተው ፍረዱ። አንድ ቀን ገደል አጠገብ ብታልፉ፣ ጫፉ ድረስ ሳትጠጉ፣ ከሩቅ ሆናችሁ ሽኮኮን እዩት። ዓለት ላይ ተቀምጦ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳር ሳይኖር መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ሰው «ሽኮኮ ያመሰኳል» ይላል። አያመሰኳም። ያቺን የዋጣትን ስንኝ መልሶ ሊያወጣት እያኘካት ነው። አንዳንዴ የመጣችለት ይመስላል፤ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አፉን ሊከፍት ይላል። ከዚያ ሰማዩን ያይና መልሶ ይውጣታል።

እኔ የሰማሁትን ሳልጨምር ለማውራት ሞከርኩ፤ ጥቂት ጨምሬ እንደ ሆነም ዘብ ላይ አይደለሁምና ማሩኝ። ተረቱ ለናንተ ይሁን፤ ምክሩን ግን ከኔ ጋር እንካፈለው፦

ዘብ ሲዘፍን ተቀባዩ ንስር ነው።